የቲሙ በቆላ ሌሊት የት ያድራል?

 

በዚህ የትምህርት ዓምድ ስለ የቲም ንብረት አጠባበቅ፣ ስለ ትምህርት ቤት ክትትልና ስለ መልካም አስተዳደግ ስንማማር ቆይተናል። ዛሬ የምናነሣው ርእስ ከእነዚህ ሁሉ ያነሰ መስሎ ሊታይ ይችላል። ይኸውም የመጋቢት፣ የሚያዝያና የግንቦት ሌሊት ነው። በሸሕዲ፣ በመተማ ዮሐንስ፣ በኮኪትና በገለጎ ለምትኖሩ ወገኖቻችን ይህ ሌሊት ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት ለቀባሪ ማርዳት ይሆናል። በደጋ ሆናችሁ ለየቲሞቹ ወርኃዊ ድጋፍ የምትልኩ አባላት ግን ነገሩን በሚገባ ልታውቁት ይገባል እንላለን፤ እኛ ራሳችን ዘግይተን ነው ያወቅነውና።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ሙቀቱ እጅግ በጠናበት ወር፣ በጎ አድራጊዎች የሰጡንን ወፍራም ብርድ ልብስ ጭነን ወደ ሸሕዲ ወረድን። የተረከቡን ቤተሰቦች በሥነ ሥርዓት ተቀበሉን፤ ዱዓ አደረጉልን፤ አንድም ሰው «ይህን ምን ላድርገው?» አላለንም። በቀጣዩ ጉብኝት ሦስት የልጅ ልጆች የሚያሳድጉ አንዲት እናት ቤት ስንገባ ብርድ ልብሱን ከቆርቆሮው ሥር እንደ ኮርኒስ ተወጥሮ አገኘነው። ዓይናችን እዚያ ላይ መቅረቱን አይተው «አላህ ይስጣችሁ ልጆቼ፣ የቀኑን ግለት ያዘልን» አሉን። እኛ ለብርድ ያመጣነውን እርሳቸው ለሙቀት አዋሉት። ከዚያ ዕለት ወዲህ ወደ ቆላ ከመላካችን በፊት መጠየቅ ጀመርን። ይህም ጽሑፍ ከዚያ ጥያቄ የተወለደ ነው።

ሙቀቱ በልጅና በአረጋዊ ላይ

ጎንደር ከተማ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስትገኝ፣ በአይከል በኩል ቁልቁል ተወርዶ የሚደረስባት ሸሕዲ ከ1,000 ሜትር በታች ናት። ይህ የከፍታ ልዩነት በአንድ ቀን ጉዞ ሌላ አገር የገባን ያህል የአየር ለውጥ ያመጣል። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ባሉት ወራት የቀኑ ሙቀት 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚደርስበት፣ አንዳንዴም የሚያልፍበት ጊዜ አለ። ቀኑን በዛፍ ጥላ ሥር ማሳለፍ ይቻላል። አስቸጋሪው ነገር ሌሊቱ ነው፤ ሰውነት ቀን የተሸከመውን ሙቀት አራግፎ የሚያርፈው ሌሊት ነውና። ሌሊቱ ካልቀዘቀዘ ድካሙ ከዕለት ወደ ዕለት ይጠራቀማል። ልጁ በማግሥቱ በመማሪያ ክፍል ውስጥ ያንቀላፋል፤ መምህሩም ሰነፍ ይለዋል።

የሕፃን ሰውነት ከክብደቱ አንጻር ሰፊ ገላ ስላለው ከአካባቢው ሙቀትን በፍጥነት ይቀበላል፤ የላብ ሥርዓቱም እንደ አዋቂ አልጠነከረም። አረጋውያን ደግሞ ውኃ ሲጎድላቸው እንኳ ጥማቱ እምብዛም አይሰማቸውም። የቲሞቻችን በአብዛኛው የሚያድጉት ከአያቶቻቸው ጋር መሆኑን ስናስብ፣ በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት ለሙቀት የተጋለጡ ወገኖች መኖራቸውን እንረዳለን። አሳዳጊዋ ሳይጠማቸው ለልጁም ውኃ መስጠት ሊዘነጉ ይችላሉ። ስለዚህ ጥማትን ሳይጠብቁ ከመግሪብ እስከ መኝታ ባለው ጊዜ ለልጁም ለራስም ደጋግሞ ውኃ መጠጣትን ልማድ ማድረግ ያሻል። ስድስት ወር ያልሞላው ጡት የሚጠባ ሕፃን ግን በሙቀትም ጊዜ ቢሆን ተጨማሪ ውኃ አያስፈልገውም፤ ቶሎ ቶሎ ጡት መስጠት ይበቃዋል። እናቱን በሞት ያጣ ጨቅላ የምታሳድጉ ወገኖች ስለ አመጋገቡ የጤና ባለሙያ ሳታማክሩ እንዳትቆዩ አደራ እንላለን።

ቤቱን ስለማቀዝቀዝ

ቆርቆሮ ቀን እንደ ምጣድ ይግላል፤ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ግን ቶሎ ይበርዳል። ወፍራም የጭቃ ግድግዳ ጠባዩ የተለየ ነው። ቀን የተቀበለውን ግለት አምቆ ይይዝና ከመግሪብ በኋላ ቀስ እያለ ወደ ቤት ውስጥ ይመልሰዋል። «ፀሐይዋ ከጠለቀች ቆየች፤ ቤቱ ለምን ይሞቃል?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ይኸው ነው። መፍትሔውም የሚጀምረው ከቀኑ ነው። ግድግዳው፣ በተለይ ምዕራባዊው፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ እንዳያገኘው ማድረግ ይገባል። በሽመል የተሠራ አጥር ወይም ከቤቱ ተያይዞ የሚጣል ዳስ፣ ሱዳናውያን ጎረቤቶቻችን ራኩባ የሚሉት ዓይነት፣ ለዚህ እጅግ ይጠቅማል። ጊዜ ያለው ሰው የኒም ችግኝ በምዕራብ በኩል ይትከል። ኒም ድርቅ የሚችልና በቆላችን በሚገባ የሚለመልም ዛፍ ነው፤ ጥላውንም ለማየት ብዙ ዓመት መጠበቅ የለብንም።

የውጩ አየር ከቤቱ አየር በበለጠ በሚሞቅበት ሰዓት፣ ማለትም ከረፋዱ እስከ ዐስር ሰላት ድረስ፣ ፀሐይ በሚመጣበት ወገን ያሉትን መስኮቶች መዝጋትና መጋረድ፣ ከመግሪብ በኋላ ግን ትይዩ የሆኑትን መስኮቶች ከፍቶ ነፋስ እንዲያልፍ ማድረግ ይሻላል። ብዙዎቻችን የምናደርገው ተቃራኒውን ነው። ቀን ከፍተን ሙቀቱን እናስገባለን፤ ማታ ዘግተን እናስቀረዋለን። ማታ የምንዘጋበትን ምክንያት ግን ወደ ኋላ እንመለስበታለን፤ ቀላል ምክንያት አይደለምና።

ከቆርቆሮው ሥር ኮርኒስ ማበጀት ከፍተኛ ለውጥ ያመጣል። ንጹሕ የማዳበሪያ ከረጢት፣ ሰሌን፣ የሽመል ርብራብ ወይም ሣር ሊሆን ይችላል። በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መካከል አየር የሚዘዋወርበት ክፍተት እንዲኖር ብቻ ይደረግ። ኖራ ማግኘት የሚችል ሰው የቆርቆሮውን የውጭ ገጽ ነጭ ቢቀባው የፀሐዩን ጨረር በብዛት ይመልስለታል።

ውኃም ባለበት መሣሪያ ነው። ውኃ ሲተን ሙቀትን ይዞ ይሄዳል። የሸክላ ጋን ወይም እንስራ ውኃን የሚያቀዘቅዘው በጥቃቅን ቀዳዳዎቹ ወደ ውጭ የሚወጣው እርጥበት በመትነኑ ነው። በዚሁ ሕግ መሠረት እርጥብ የጥጥ ነጠላ በመስኮት ላይ መዘርጋት፣ ከዐስር ሰላት በኋላ ወለሉንና ደጁን በጥቂቱ መርጨት፣ ከመኝታ በፊት እግርና ክንድን ማራስ ይረዳል። ለዒሻ የምናደርገው ውዱእ በዚህ ረገድ ያለውን እፎይታ የቆላ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ይህ ዘዴ የሚሠራው ግን አየሩ ደረቅ በሆነበት በመጋቢትና በሚያዝያ ነው። ዝናቡ ጀምሮ አየሩ በእርጥበት ሲሞላ እርጥብ ጨርቅ በመስኮት ማንጠልጠል ቤቱን ከማፈን በቀር ጥቅሙ ይቀንሳል።

የኤሌክትሪክ ማራገቢያ (ቬንትሌተር) ያላቸው ቤተሰቦችም አንድ ነገር ይወቁ። የክፍሉ አየር ከሰው ገላ ሙቀት ሲበልጥ፣ ማለትም 35 ዲግሪን ሲያልፍ፣ ደረቅ ገላ ላይ የሚነፍስ ማራገቢያ ትኩስ አየር ከማምጣት አይዘልም። ገላው ከረጠበ ግን ያው ማራገቢያ ያቀዘቅዛል። ከጎንደር ተነሥቶ በሸሕዲና በመተማ በኩል እስከ ሱዳኗ ገዳሪፍ የሚዘልቅ ከፍተኛ የኤሌክትሪክ መስመር በአጠገባችን ያልፋል። መብራት የሚጠፋበት ሌሊት ግን አለና ከሰሌን የተሠራ የእጅ ማራገቢያ ከቤት አይጥፋ።

ስለ መኝታው አንድ ቃል እንጨምር። የስፖንጅ ፍራሽ ሙቀትን ያፍናል፤ የጭቃ መደብም የቀኑን ግለት ይዞ ያድራል። ከሥሩ አየር የሚገባበት የጠፍር ወይም የገመድ አልጋ፣ ሱዳኖቹ አንገረብ የሚሉት፣ በላዩ ስስ የጥጥ አንሶላ ተነጥፎበት ለቆላ ከሁሉ የተሻለ ነው። ጥጥ የሚያመርት አገር ልጆች ላብ የማይመጥ ናይለን ለብሰው ማደራቸው ያሳዝነናል።

ውጭ ማደር ያለው አደጋ

ይህ ሁሉ ተደርጎም ቤቱ አላስተኛ ሲል ሰው አልጋውን ተሸክሞ ወደ ደጅ ይወጣል። በቆላ ይህ የተለመደ ነው፤ በጥቅሉ ማውገዝም አይቻልም። ይሁን እንጂ ብዙ ልናስብበት የሚገባው ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው።

በማኅበራችን የሚደገፍ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበር። አጎቱ ቤት ያድጋል፤ በአጎቱ ቤት አምስት ልጆች አሉ። ቤቱ ጠባብ በመሆኑና ፍየሎቹንም የሚጠብቅ ሰው በማስፈለጉ ልጁ በበጋ ከግቢው ዳር ባለ የግራር ዛፍ ሥር ያድር ነበር። አጎቱ ክፉ ሰው አይደለም፤ ልጁን ያስተምራል፤ ምግቡንም ከልጆቹ አይለይም። መኝታውን ግን ማንም እንደ ጉዳይ አላየውም። እኛም ለሁለት ዓመት ያህል ቤቱን በየጊዜው ስንጎበኝ ደብተሩን አይተናል፣ ዩኒፎርሙን አይተናል፣ የት እንደሚያድር ግን አልጠየቅንም። የምንጎበኘው ቀን ነበርና።

ከክረምቱ በኋላ ልጁ ትኩሳት ያዘው። ወባ ነው ተብሎ መድኃኒት ወሰደ፤ ሻል አለው፤ ተመለሰበት። ዳግመኛ ወሰደ። ሰውነቱ መነመነ፤ ሆዱ በግራ ጎኑ በኩል አበጠ፤ ለመብላትም ሰነፈ። በሦስተኛው ጊዜ የሆስፒታል ምርመራ ካላዛር መሆኑን አረጋገጠ። አልሐምዱሊላህ፣ ታክሞ ድኗል። ነገር ግን አንድ ወር ተጨማሪ ብንዘገይ ኖሮ ይህን ጽሑፍ በሌላ ስሜት ነበር የምንጽፈው።

ካላዛር ከመተማ እስከ ሑመራ በተዘረጋው ቆላ የሚገኝ በሽታ ነው። የሚያስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የሚባል፣ ከወባ ትንኝ እጅግ ያነሰና ድምፅ የሌለው በራሪ ሲሆን፣ የሚናከሰው በሌሊት ነው። መደበቂያው የጥቁር አፈር ስንጥቅና የዛፍ ግንድ ሲሆን በተለይ በግራር ዛፎች አካባቢ ይበዛል። የሚፈላውም ሙቀቱ ሰውን ወደ ውጭ በሚያወጣበት፣ መሬቱ በተሰነጣጠቀበት የበጋ ማብቂያ ነው። ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ከደጋ የሚወርዱት የጉልበት ሠራተኞች በሜዳ ስለሚያድሩ በብዛት ይጠቃሉ። በሽታው ሳይታከም ከቀረ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ይገድላል፤ ከታከመ ግን የሚድኑት ይበዛሉ። በምሥራቅ አፍሪካ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 የመከረው ሕክምና ለ17 ቀናት የሚሰጥ የሁለት መድኃኒቶች መርፌ ነበር። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ለዚሁ በሽታ የተቋቋመ የምርምርና የሕክምና ማእከል ይገኛል፤ በአብዱራፊም ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ድርጅት ለብዙ ዓመታት ካላዛርንና የእባብ ንድፊያን ሲያክም ቆይቷል።

በሽታውን ከወባ ጋር መሳሳት በአንድ ቤተሰብ ላይ ብቻ የደረሰ አይደለም። በደቡብ ጎንደር ሊቦ ከምከም እ.ኤ.አ. በ2005 የታወቀው የካላዛር ወረርሽኝ በመጀመሪያ መድኃኒት የተላመደ ወባ ተደርጎ ተገምቶ ነበር። በዚያው አካባቢ በኋላ የተደረገ ጥናት ሌሊት ውጭ የማደርና በግራር ሥር የመተኛት ልማድ ከበሽታው ጋር ግንኙነት እንዳለው አሳይቷል። ስለዚህ አሳዳጊዎች ይህን ያዙ፦ ልጅ ሲያተኩሰው በ24 ሰዓት ውስጥ የወባ ምርመራ ይደረግለት፤ ትኩሳቱ ሁለት ሳምንት ካለፈው፣ ወይም የወባ መድኃኒት ወስዶ ከተመለሰበት፣ «ካላዛር እንዳይሆን ይመርመርልኝ» ብላችሁ ጠይቁ። መጠየቅ ነውር አይደለም።

ውጭ ማደር ግድ ከሆነም መኝታው ከግራር ዛፍ፣ ከኩይሳና ከተሰነጠቀ መሬት ይራቅ፤ ደጁ ተጠርጎ የጠራ ይሁን፤ ልጁ መሬት ላይ ሳይሆን አልጋ ላይ፣ በአጎበር ውስጥ ይተኛ። የተራ አጎበር ቀዳዳ ለአሸዋ ዝንብ ሰፊ ስለሆነ ሾልካ ልትገባ ትችላለች፤ በኬሚካል የተነከረው አጎበር ግን ፍጹም ባይሆንም ይከላከላል። ደካማ በራሪ በመሆኗ የማራገቢያ ነፋስም ይረብሻታል። አጎበር በታጠበ ጊዜ በለስላሳ ሳሙና ታጥቦ በጥላ ሥር ይድረቅ፤ ፀሐይ መድኃኒቱን ያጠፋዋልና። «በአጎበር ውስጥ ይሞቃል» የሚለውን ቅሬታ ደጋግመን ሰምተናል፤ እውነትም ነው፤ ነፋስን በመጠኑ ይቀንሳል። አጎበሩን ከፍ አድርጎ ሰፋ ባለ አራት ማእዘን መወጠር የተሻለ አየር ያስገኛል። ከዚህ ያለፈ መፍትሔ የለንም፤ ሙቀቱን ታግሦ ወባውን መከላከል ይሻላል።

ከመኝታ በፊት የሚፈጸሙ ነቢያዊ ሥርዓቶች

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ስለ ሌሊት ያስተማሩት ትምህርት ለቆላ ሰው በተለይ የተነገረ ያህል ነው። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት የአቡ ሁረይራ ሐዲስ ወደ መኝታው የሚሄድ ሰው ፍራሹን እንዲያራግፍ አዘዋል፤ ምክንያቱንም ሲያስረዱ፣ ከእርሱ በኋላ በፍራሹ ላይ ምን እንደተተካ እንደማያውቅ ገልጸዋል። ጊንጥ ባለበት አገር ይህን ሱና ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልግም። በሙስሊም ዘገባ ደግሞ ጊንጥ የነደፈው አንድ ሰው ቀርቦ ስቃዩን ሲነግራቸው በአላህ ምሉእ ቃላት የመጠበቅን ዱዓ አስተምረውታል። ልጆቻችሁን ይህን ዱዓ አስሐፍዟቸው፤ ፍራሽ ማራገፉንም ጫማ ማራገፉንም ከዱዓው ጋር አስለምዷቸው። አልጋውን ከግድግዳ ማራቅ፣ አንሶላ መሬት እንዳይነካ ማድረግ፣ ሌሊት ለሽንት ሲወጡ በባትሪ መንገድን ማየት ከዚሁ የሚቆጠር ነው። እባብ የነደፈው ልጅ ካለ ቁስሉ አይበጣ፣ አይመጠጥ፣ በገመድም አይታሰር። የተነደፈው አካል ሳይንቀሳቀስ ተይዞ ልጁ ባስቸኳይ ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ።

የጃቢር ሐዲስ ደግሞ ሌሊት ሲገባ በር መዝጋትን፣ ዕቃ መክደንን፣ የውኃ ማቅረቢያን አፍ ማሰርንና መብራት ማጥፋትን ያዛል። በመዲና አንድ ቤት ከነሰዎቹ በሌሊት በተቃጠለ ጊዜም፣ በአቡ ሙሳ ዘገባ፣ ስንተኛ እሳትን እንድናጠፋ አዘዋል። የሣር ክዳን፣ የሽመል ግድግዳና የከረጢት ኮርኒስ ባለበት ቤት ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው። ኩራዝና ሻማ ከአጎበር አጠገብ አይቀመጥ። የቡና ከሰል ከዒሻ በኋላ በውኃ ጠፍቶ ከቤት ይውጣ፤ የከሰል ጭስ በተዘጋ ክፍል ሽታ ሳይኖረው ይገድላልና። ለትንኝ ማባረሪያ የሚቃጠለውም ነገር ሸክላ ላይ ይሁን እንጂ ፍራሽ ሥር አይቀመጥ። ባለፈው ያመሰገንነው የብርድ ልብስ ኮርኒስም ቢሆን ከምድጃ በላይ መወጠር የለበትም። ይህን ለእናታችን ነግረናቸዋል፤ ምድጃቸውንም ወደ ውጭ አውጥተዋል።

የውኃ ዕቃ የመክደኑ ትእዛዝ በሁለት በኩል ይጠቅመናል። ክፍት በርሜልና ገንዳ የትንኝ መራቢያ ነው፤ ለሚድህ ሕፃንም የመስጠም አደጋ አለው። እንስራውም ይከደን፤ ውኃው እጅ ሳይገባበት ረጅም እጀታ ባለው ጭልፋ ይቀዳ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2023 የሱዳን ጦርነት ከተነሣ በኋላ በመተማ በኩል የገቡት ስደተኞች በሰፈሩበት በኩመር ኮሌራ በዚያው ዓመት መከሰቱ የቅርብ ትውስታ ነው። ውኃውን ማፍላት ወይም እንደ ውኃ አጋር ባለ ማከሚያ ማከም ያስፈልጋል። በሙቀት የደከመ ልጅ ተቅማጥ ሲጨመርበት እጅግ ፈጥኖ ይጎዳል። ሕይወት አድን ንጥረ ነገር (ኦ.አር.ኤስ.) ከቤት አይታጣ፤ ከጠፋ በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ 6 ልክ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ መስጠት ይቻላል። ጨው ከዚህ እንዳይበልጥ ጥንቃቄ ይደረግ።

አባት የሌለበት ቤትና የተዘጋው መስኮት

አሁን ቀደም ሲል ያቆየነውን እናንሣ። ማታ መስኮት የምንዘጋው ለምንድን ነው? ባሏ የሞተባት እናት ይህን ስንጠይቃት በግርምት ታየናለች። ሌባ አለ፤ ጅብ አለ፤ የጸጥታው ሁኔታም ባለፉት ዓመታት ምን እንደሚመስል ሁላችንም እናውቃለን። ወንድ የሌለበት ቤት ማታ ይዘጋል፤ ውስጡ ያሉትም በሙቀት ይቀቀላሉ። «መስኮት ክፈቱ» የሚል ምክር ብቻ ይዘን ብንሄድ ችግሯን አልተረዳንላትም ማለት ነው። ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ.) በር ዝጉ ነው ያሉት። የሚያስፈልጋት የብረት ፍርግርግና ወንፊት ሽቦ የተገጠመለት መስኮት፣ እንዲሁም ከጣሪያው ሥር ከፍ ብሎ የሚከፈት የአየር ማስገቢያ ነው። እኛ እንደምናየው ለአንድ የየቲም ቤት ከሚሰጡ ድጋፎች መካከል ይህን ያህል የሚጠቅም ጥቂት ነው፤ ከብርድ ልብስ እንደሚበልጥ ግን አንጠራጠርም። ብረት ሥራ የምትችሉ ወንድሞች ገንዘብ ባይኖራችሁም የአንድ ቀን ጉልበታችሁን ብትሰጡ ሰደቃ ነው።

ከዚህ ጋር የተያያዘ የሸሪዓ ጥያቄ በተደጋጋሚ ይቀርብልናል። «ለየቲሙ በሚላከው ገንዘብ ለቤቱ ማራገቢያ መግዛት ይቻላልን?» የሚል ነው። በሱረቱል በቀራ ስለ የቲሞች የተሰጠው መልስ ኑሮን ከእነርሱ ጋር መቀላቀልን የሚፈቅድ ሲሆን፣ የሚያበላሸውንና የሚያሳምረውን አላህ ለይቶ እንደሚያውቅ ያስጠነቅቃል። በሱረቱ ኒሳእም ድኻ የሆነ አሳዳጊ በአግባቡ ብቻ እንዲጠቀም ተፈቅዷል። ከዚህ በመነሣት የቲሙ በሚተኛበት ክፍል የሚነፍስ፣ ጥቅሙም የእርሱ የሆነ ማራገቢያ ቢገዛ ሌሎቹም ልጆች አብረው ቢያርፉበት ክልክል ነው አንልም። በየቲሙ ገንዘብ ተገዝቶ በአሳዳጊው መኝታ ቤት የተተከለ፣ የቲሙ ግን በደጅ የሚያድርበት ማራገቢያ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። አጎበርም እንዲሁ። ለቤተሰቡ ሁለት አጎበር ተሰጥቶ የቲሙ ከሁለቱም ውጭ የሚያድር ከሆነ፣ በቤቱ ውስጥ ያለ ቢመስልም እንኳ በዚያች ሌሊት ከቤቱ ውጭ ሆኗል። በአንድ የተለየ ጉዳይ ላይ የሚጠራጠር አሳዳጊ የአካባቢውን ዓሊም ይጠይቅ።

የሙቀት ሕመም ሲደርስ

ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞርና ብዙ ላብ ሲታይ ልጁን ወደ ቀዝቃዛ ቦታ ማውጣት፣ ልብሱን ማቅለል፣ ውኃ ወይም ሕይወት አድን መስጠት ይበቃ ይሆናል። ገላው እሳት ሆኖ መቀባዠር፣ መንቀጥቀጥ ወይም ራስን መሳት ከመጣ ግን ሕይወቱ አደጋ ላይ ነው። መላ ገላውን በውኃ እያራሱ ማራገብ፣ በዚያው እያቀዘቀዙ ወደ ጤና ተቋም ማድረስ ይገባል። ራሱን ለሳተ ልጅ በአፉ ምንም አይሰጥ። ይህ ምልክት ከከባድ ወባ ጋር ስለሚመሳሰል ባለሙያ ሳያየው «ሙቀት ነው» ብሎ መተው አይገባም።

ስለ ጾምም እንጥቀስ። ረመዳን በየዓመቱ ከ10 እስከ 11 ቀን ወደፊት እየቀደመ ይመጣል፤ እ.ኤ.አ. በ2023 መጋቢትንና ሚያዝያን ይዞ ነበር። ላልደረሱ ልጆች ጾም ግዴታ አይደለም፤ ለመለማመድ የሚጾም ልጅ ካለ በሙቀቱ ሲደክም ያለ ወቀሳ ያፍጥር። በጠና ሙቀት የዙህርን ሰላት እስኪበርድ ማዘግየትን ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ማስተማራቸውን እያስታወስን፣ ሕፃናትን በቀትር ፀሐይ ረጅም መንገድ አንላክ።

ከዚህ እትም ጀምሮ በቤት ጉብኝት ቅጻችን ላይ ሦስት ጥያቄዎች ጨምረናል፦ ልጁ የሚያድረው የት ነው? በአጎበር ውስጥ ነውን? መስኮቱስ ሳያሰጋ ሊከፈት ይችላልን? ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባሉት ወራትም ጎብኚዎቻችን አስቀድመው ለአሳዳጊዎች አሳውቀው፣ ጸጥታው በሚፈቅድበት ሰፈር፣ ቢያንስ አንዱን ጉብኝት ከመግሪብ በኋላ እንዲያደርጉ ተወስኗል። በዚህ ሰዓት ለመንቀሳቀስ ፈቃደኛ የሆናችሁ የሸሕዲና የመተማ ዮሐንስ ወንድሞችና እኅቶች ስማችሁን ለማኅበሩ ተጠሪ አስመዝግቡ፤ ባትሪ ይዛችሁ ኑ። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።